ምን እያነበብሽ ነው? ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ሰሞኑን የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ የተማከረ ይመስል የሚጠይቀኝ አንድ ዓይነት ነገር ነው። መጀመሪያ «ጠፋሽ» ይላል፤ ቀጥሎ «ምን እያነበብሽ ነው?»፤ ከዚያ መደርደሪያው አጠገብ ማንዣበብ ይጀምራል። ለእያንዳንዱ ስመልስ መልሱ ለራሴም ሰለቸኝ። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ጠፋሽ እኮ! ደህና ነሽ?

ደህና ነኝ። ቤት ቀይሬ ነው። ቤት መቀየር ማለት ለሦስት ሳምንት ማንኪያ ሲፈልጉ መክረም ነው። አሁን ማንኪያው ተገኝቷል፣ መጋረጃው ተሰቅሏል፣ ወገቤም ቀስ በቀስ ወደ ቦታው እየተመለሰ ነው።

ወገቤን ምን ነካው? መጽሐፍ። ለካ ልብስ በትልቅ ካርቶን፣ መጽሐፍ በትንሽ ካርቶን ነው የሚታሸገው። ይሄን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ነኝ የማላውቀው። የቴሌቪዥን ካርቶን እስከ አፉ ድረስ በመጽሐፍ ሞልቼ ላነሳው ብል እሱ ንቅንቅ አላለም፣ የእኔ ወገብ ግን ቀጭ አለ። ዕቃ ሊጭኑ የመጡት ሁለት ጎረምሶችም አንዴ ሞከሩና ተያዩ። «እትዬ፣ ድንጋይ ነው እንዴ የሞሉበት?» አለኝ አንደኛው። («እትዬ» ወዳለው ነገር መነጽሩ ጥያቄ ላይ ስደርስ እመለስበታለሁ።)

ተገልብጦ በትናንሽ ካርቶን ሲታሸግ 14 ካርቶን ወጣው። 13ቱን ከፍቻለሁ። 14ኛው ጠፋ። እሱ ውስጥ ደግሞ ገጽ 212 ላይ ያቆምኩት ልብ አንጠልጣይ አለ። ሟቿ ተገድላለች፣ በሩ ከውስጥ ተቆልፏል፣ መርማሪው ገና «ገባኝ» ማለቱ ነበር። የገባው ምን እንደሆነ ሳላውቅ ቀረሁ።

እሺ፣ ሰሞኑን ምን እያነበብሽ ነው?

ሦስት መጽሐፍ በአንድ ጊዜ። አንዱ ሲሰለቸኝ ሌላው ጋ እሄዳለሁ፤ እነሱም የሚቀናኑ አይመስሉም።

አንደኛው ወፍራም የሕይወት ታሪክ ነው። ጸሐፊው ሥራውን የሚወድ ሰው ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። ባለታሪኩ የተወለደው ገጽ 94 ላይ ነው! እስከዚያ ያለው ስለ አያቱ ነው። የአያቱን የመሬት ክርክር ከጠበቃቸው በላይ አውቄዋለሁ። ሰውዬው ከተወለደ በኋላ ግን መጽሐፉ ነፍስ ይዘራል። አሁን 30 ዓመት ሞልቶት በየሄደበት እየተጣላ ነው፣ እኔም በየገጹ እየሳቅኩ ነው። አንድ ሰው መቀስ ይዞ የመጀመሪያዎቹን 90 ገጾች ቢቆርጥለት ለሁሉም ሰው እሰጠው ነበር።

ሁለተኛው ራስን ስለማሻሻል የሚያወራ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሱ ይላል። እኔ ደግሞ እሱን የማነበው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ነው፤ ማናችን ማንን እንደምናታልል አላውቅም። አንድ ጥሩ ሐሳብ አለው፣ እሱም ገጽ 20 ላይ ያልቃል። የቀረው ያ ሐሳብ ሕይወታቸውን የቀየረላቸው ሰዎች ምስክርነት ነው። ሁሉም ድሮ ሰነፍ ነበሩ፣ ሁሉም አሁን ይሮጣሉ። እውነቱን ለመናገር ግን አንድ ነገር ሠርቶልኛል፦ ስልኬን ሌላ ክፍል ትቼ መተኛት ጀምሬያለሁ። ለዚያ ብቻ ይቅር ብዬዋለሁ።

ሦስተኛው የአጫጭር ልቦለዶች መድበል ነው። እንደ ማንኛውም መድበል ነው፤ ግማሹ ደህና፣ ሩቡ ተራ፣ ሁለቱ ደግሞ ለምን እንደገቡ ደራሲዋ ብቻ የምታውቃቸው። ግን አንድ አለ፤ አንድ ግድግዳ እየተጋሩ ለ20 ዓመት የማይነጋገሩ ሁለት ወንድማማቾች ታሪክ። አንደኛው በሳለ ቁጥር ሌላኛው በግድግዳው በኩል ይቆጥርለታል። ያው ነው፣ ሌላ ምንም አይፈጠርም። ወጥ ቤት ቆሜ ጀመርኩት፣ ቆሜ ጨረስኩት። ድስቱ አርሯል።

ለምንድን ነው ርዕሳቸውን የማትነግሪን?

ተቃጥዬ ስለማውቅ ነው። አንዴ በጣም የወደድኩትን ልቦለድ ለአንድ ጓደኛዬ አንብቢው ብዬ ሰጠኋት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችልኝና «አንቺ የምትወጂው ይሄንን ነው?» አለችኝ። የማይሆን ባል የዳርኳት ነው የሚመስለው። እስከ ዛሬ ድረስ ፊልም ልጋብዛት ስል እንኳን «እንደዚያ መጽሐፍ እንዳይሆን» ትላለች።

ዳንኤል ፔናክ የሚባል ፈረንሳዊ ደራሲ አለ፣ አስተማሪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 የአንባቢ መብቶች ብሎ 10 ነገሮች ዘርዝሯል። የመጀመሪያው ያለማንበብ መብት ነው። የመጨረሻው ደግሞ ስላነበቡት ነገር ዝም የማለት መብት ነው። እኔ በ10ኛው እየተጠቀምኩ ነው። (በግማሹ ማለቴ ነው። ዝም ብዬማ አላውቅም።)

ጊዜውን ከየት ነው የምታመጪው?

ከወረፋ። ከጥበቃ። ስብሰባ «አሁን ይጀመራል» ተብሎ እስኪጀመር ካለችው ሰዓት። ቁጭ ብዬ፣ ሻማ ለኩሼ፣ ሙዚቃ ከፍቼ የማነብ የሚመስላችሁ ሰዎች አላችሁ። እንደዚያ አንብቤ አላውቅም። አንድ ቀን ሞክሬ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ደግሞ ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። ማርክ ብሪስቤርት የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2019 የ190 ጥናቶችን ውጤት ሰብስቦ ነበር፤ አዋቂ ሰው ኢ-ልቦለድ የሆነ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ዝም ብሎ ሲያነብ በአማካይ በደቂቃ 238 ቃል ይሄዳል። አንድ ባለ 300 ገጽ መጽሐፍ በየገጹ 250 ቃል ቢይዝ 75,000 ቃል ነው። ሲካፈል 5 ሰዓት ከሩብ ገደማ ይመጣል። በቀን 20 ደቂቃ ያነበበ ሰው በ16 ቀን ይጨርሰዋል ማለት ነው። ወፍራም መጽሐፍ የሚያስፈራው እንግዲህ ይህን ያህል ነው።

በአማርኛ ይህ ቁጥር እንዳለ አይሠራም። እኛ አንድ ቃል ውስጥ ቤተሰብ ሙሉ እናሳፍራለን። «አልነገረችኝም» የምትለዋን ብቻ ውሰዱ፤ ማን፣ ለማን፣ መቼ፣ እንዳልሆነ ጭምር ተጠቅልሎ አንድ ቃል ነው። እንግሊዝኛ ለዚህ አምስት ቃል ይፈልጋል። ስለዚህ በአማርኛ ቃል ስትቆጥሩ ቀርፋፋ ከሆናችሁ አትዘኑ፤ የተሸከማችሁት ብዙ ነው።

ካልጣመሽ ትተዪዋለሽ ወይስ ታግለሽ ትጨርሻለሽ?

ድሮ እጨርስ ነበር። የጀመርኩትን መጽሐፍ መተው ሰው ቤት የቀረበልኝን ሳልቀምስ እንደመውጣት ነበር የሚሰማኝ። ጨርሼው ግን ምን አገኘሁ? ቂም። ደራሲው ላይ ቂም ይዤ የኖርኩባቸው ዓመታት አሉ፤ እሱ በሰላም እየኖረ።

አሁን የናንሲ ፐርልን ሕግ ይዣለሁ። አሜሪካዊት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ናት። ሕጓ እንዲህ ነው፦ ለማንኛውም መጽሐፍ 50 ገጽ ስጡት። ካልያዛችሁ ዝጉት። ዕድሜያችሁ ከ50 ካለፈ ደግሞ ከ100 ላይ ዕድሜያችሁን ቀንሱ፤ የቀረው ነው የገጹ ብዛት። የ70 ዓመት ሰው 30 ገጽ ብቻ ይታገሳል። 100 የሞላው ሰው መጽሐፉን በሽፋኑ መፍረድ ይችላል። ዕድሜ አንድ ጥቅም አለው ማለት ነው።

ሕጉ ግን ቀዳዳ አለው። ያንን የሕይወት ታሪክ በ50 ገጽ ብፈርድበት ኖሮ ባለታሪኩ ሳይወለድ እጥለው ነበር።

መነጽር ጀመርሽ እንዴ?

አዎ፣ ጀመርኩ። ለአንድ ዓመት ያህል ዓይኔ ደህና ነው፣ እጄ ነው ያጠረው ስል ነበር። መጽሐፉን ራቅ፣ ራቅ፣ ራቅ እያደረግኩ መጨረሻ ላይ ክንዴ አለቀ። የዓይን ሐኪሟ መርምራኝ ስታበቃ በጣም በትሕትና «ዕድሜ ነው» አለችኝ። ዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ከዓመት ዓመት እየጠነከረ ይሄዳል፤ ቅርብ ያለውን ለማየት እንደ ልቡ ቅርጹን መቀየር ያቅተዋል። አብዛኛው ሰው 40 ሲጠጋ ወይም ሲያልፍ ይሰማዋል። እና የዕቃ ጫኙ ልጅ «እትዬ» ማለቱ፣ ለካ ልጁ ዓይኑ ደህና ነው።

የሚያሳፍረው ሌላ ነው። ባለፈው ዓመት አንዱን መጽሐፍ «ይዘቱ ጥሩ ነው፣ ኅትመቱ ግን የደበዘዘ» ብዬ ላገኘሁት ሁሉ አምቼዋለሁ። በመነጽር ከፈትኩት። ጥርት ብሎ ነው የታተመው።

ወረቀት ነው ወይስ ስክሪን?

14 ካርቶን ከመሸከሜ በፊት ብትጠይቁኝ ወረቀት፣ ወረቀት፣ ወረቀት እላችሁ ነበር። አሁን አንድም መጽሐፍ ጫኑበት ሺህ፣ ክብደቱ የማይጨምረውን ማንበቢያ በአክብሮት ነው የማየው። ፊደሉን ማተለቅም ይቻላል (ያለፈውን ጥያቄ ይመልከቱ)።

ግን ከወረቀት ጋር ያለኝ ነገር አልቀረም። አንድ ነገር ስፈልግ «በግራ ገጽ፣ ከታች በኩል፣ ቡና የፈሰሰበት አካባቢ» ብዬ ነው የማስታውሰው። ስክሪን ላይ ሁሉም ነገር አንድ ቦታ ላይ ነው ያለው። ቡናም አይፈስበትም፤ ከፈሰሰበትማ አበቃ።

ስለ እንቅልፍ የምትጨቀጭቁኝም ትክክል ናችሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት 12 ሰዎችን ወስዶ ከመኝታ በፊት አንዴ ብርሃን በሚረጭ ታብሌት፣ አንዴ በወረቀት አስነብቧቸዋል። በታብሌት ሲያነቡ እንቅልፍ ለመያዝ ወደ 10 ደቂቃ የሚጠጋ ተጨማሪ ጊዜ ወስዶባቸዋል፣ እንቅልፍ የሚጠራው ሜላቶኒንም ቀንሷል። ይሄን አምናለሁ። ግን እኔን እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ያስቀመጠኝ ልብ አንጠልጣይ የወረቀት ነበር። በሩ ከውስጥ ከተቆለፈ ብርሃን ምን ያደርጋል?

ማድመጥ እንደ ማንበብ ይቆጠራል?

ይቆጠራል። ይሄ ለምን እንደሚያጣላ አይገባኝም። የወጋየሁ ንጋቱን የሬዲዮ ትረካ ሰምቶ «አይ፣ ይሄማ አይቆጠርም» የሚል ሰው ካለ እኔን ሳይሆን ወጋየሁን ይከራከር። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰዎች አንድን ታሪክ ሲሰሙና ሲያነቡ አንጎላቸውን አይተው ነበር፤ የቃላቱ ትርጉም የሚቀመጥበት ካርታ በሁለቱም መንገድ ተመሳሳይ ሆኖ ነው ያገኙት።

የእኔ ችግር ሌላ ነው። ልብስ እየተኮስኩ እሰማለሁ፣ ኮሌታ ላይ ስደርስ ሐሳቤ ይሄዳል፣ ስመለስ አንድ ሰው ሞቷል። ማን? እጅጌው ላይ ሳለሁ ነው የሞተው።

መጨረሻውን ብንነግርሽ ትናደጃለሽ?

ጥናቱን ብትጠይቁት አትናደዱ ነው የሚለው። እ.ኤ.አ. በ2011 የሳንዲያጎ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ሌቪትና ክሪስተንፌልድ፣ 12 አጫጭር ታሪኮችን አስነብበው ነበር። መጨረሻው አስቀድሞ የተነገራቸው ሰዎች ታሪኮቹን ይበልጥ ወደዷቸው። የወንጀል ታሪኮቹን ሳይቀር!

እኔን ብትጠይቁኝ ደግሞ ታላቅ እህቴን አሁንም አኩርፌያታለሁ። ካርቶኑ ጠፋ ብዬ ሳለቅስባት ስለ ታሪኩ ትንሽ ነገር ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። «ውይ! እሱንማ አንብቤዋለሁ» አለች። አቁሚ ሳልላት «ሐኪሙ አይደል የገደላት?» 212 ገጽ ሙሉ የማምነው ብቸኛ ሰው ሐኪሙ ነበር። ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ። እሷ ደግሞ «ምነው፣ አልደረስሽም ነበር?» ትለኛለች።

መጽሐፍ ታውሺናለሽ?

አላውስም።

ክፉ ሆኜ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ሄርፎርድ ካቴድራል ዛሬም መጻሕፍቱ ከመደርደሪያው ጋር በሰንሰለት የታሰሩበት የድሮ ቤተ መጻሕፍት አለ። የእኛም ጸሐፍት ቢሆኑ ብራናው ላይ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ ውጉዘ ይኩን» ብለው ይጽፉ ነበር፤ የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን። ያን ሁሉ የደከሙት በከንቱ አልነበረም፤ ሰው መጽሐፍ ወስዶ እንደማይመልስ ያውቁ ነበር። «ተውሼ ረሳሁት»ን ግን ውግዘቱ ውስጥ አላስገቡትም፤ እኔ እጨምርበት ነበር።

ከዚያ ካርቶኖቹን ስከፍት ምን አገኘሁ? የእኔ ያልሆኑ ሁለት መጻሕፍት። አንደኛው ላይ ስም የለም፣ እሱን ከኅሊናዬ ጋር እጨርሳለሁ። ሁለተኛው የውስጥ ሽፋኑ ላይ በሰማያዊ እስክሪቢቶ ስሟ ተጽፏል። አብረን የተማርን ልጅ ናት፤ ስንጣላ ሳይሆን ዝም ስንባባል የተለያየን። ሁለት ቀን ሳመነታ ቆይቼ ደወልኩ። አንድ ሰዓት ተኩል አወራን። ልጅ ወልዳለች፣ ሁለት ጊዜ ሥራ ቀይራለች፣ ሳቋ ያው ነው። መጽሐፉን ስነግራት ጭራሽ አታስታውሰውም። «ይልቅ የእኔን አረንጓዴ ጃኬት የት አደረስሽው?» አለችኝ። አሁን ጃኬት ፍለጋ ላይ ነኝ።

ያሉሽን ሁሉ አንብበሻቸዋል?

ዕቃ ጫኞቹም ይሄንኑ ጠይቀውኛል፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ላባቸውን እየጠረጉ። «አላነበብኳቸውም» ለማለት ትክክለኛው ሰዓት አልነበረም።

ጣሊያናዊው ደራሲ ኡምቤርቶ ኤኮ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት ነበሩት፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይሄንን ጥያቄ ስለሚሰማ መልስ አዘጋጅቶለት ነበር። እነዚህ እስከ ወሩ መጨረሻ ማንበብ ያለብኝ ናቸው፣ ሌሎቹ ቢሮ ናቸው ይል ነበር። ጃፓኖች ደግሞ ገዝቶ ሳያነቡ መቆለልን «ትሱንዶኩ» ይሉታል። እኛ ስም አላወጣንለትም። እናቴ ግን «የአቧራ ማደሪያ» ትለዋለች፣ እሱም ያስኬዳል።

ያነበብሽውን ታስታውሺዋለሽ?

አላስታውስም። ለዚህ ነው ስጨርስ መጨረሻው ገጽ ላይ በእርሳስ አንድ ዐረፍተ ነገር የምጽፈው። ባለፈው ሳምንት አንድ ልቦለድ ከካርቶን አወጣሁና በሦስት ቀን አነበብኩት፤ መሃሉ ጎተተኝ፣ መጨረሻውም አናደደኝ። የመጨረሻውን ገጽ ስገልጥ በራሴ እጅ ጽሑፍ «ሁለተኛ እንዳታነቢው» ይላል።

በዓመት ስንት መጽሐፍ ታነቢያለሽ?

አልቆጥርም። አንድ ዓመት ቆጥሬ ነበር፤ ቀጫጭን መጽሐፍ መምረጥ ጀመርኩ። ተውኩት።

ካርቶኑስ ተገኘ?

ተገኘ! ባለፈው እሁድ። ማጠቢያው ሥር፣ ከድስቶቹ ኋላ። ላዩ ላይ በትልልቁ «ወጥ ቤት» ተብሎ ተጽፎበታል። የእጅ ጽሑፉ የእኔው ነው፣ ስለዚህ ማንንም መክሰስ አልቻልኩም። ዕልባቱ ገጽ 212 ላይ እንዳለ ነው።

መነጽሬን አድርጌ፣ ስልኬን ሌላ ክፍል ትቼ ቁጭ አልኩ። ሐኪሙን ከዚህ በኋላ በሌላ ዓይን ነው የማየው ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። እያንዳንዱን ቃሉን ተጠራጠርኩ። እጁን ሲታጠብ እንኳን ተጠራጠርኩት። ገጽ 240 ላይ ሐኪሙ ራሱ ተገድሎ ተገኘ።

ሌላኛው ክፍል ሄጄ ስልኩን አነሳሁና እህቴ ጋ ደወልኩ። ትንሽ አሰበች። «ኧረ ቆይ… እኔ ያልኩሽ ሌላ መጽሐፍ ነው ለካ። የአንቺው ደግሞ ባልየው…»

ዘጋሁባት።